ክንድ የተዋሱት መምህርት

በመምህርት አስካለ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ እያቀፈ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለው የእኔን ልጅ ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ከእሳቸው በር እስከ እኛ አጥር ድረስ ነው። ሐምሌ ነበርና ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ከደካ የመጡ ዘመዶቻቸው ልጄን ማርታን መሐላቸው አስቀምጠው ያለቅሳሉ። እኔ ከጓዳ ወደ ድንኳኑ ንፍሮ አመላልሳለሁ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት ሴትዮ ሰሃኑን ከእጄ ተቀበሉና ወደ ማርታ እያዩ፣

"ልጃቸው አንጀቴን በላችው" አሉኝ። "አንቺስ ለሟቿ ምኗ ነሽ?"

"ጎረቤት ነኝ" አልኳቸው።

ሌላ ምን እላለሁ? በለቅሶ ቤት "ልጅቷን የወለድኳት እኔ ነኝ" አይባልም።

ስለ መምህርት አስካለ የምጽፈው ውለታቸው ስላለብኝ ነው። ልጄን ከአልጋ ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። እንደ እሳቸው አድርጌ የቀናሁበትም ሰው የለም። ሁለቱንም እግዚአብሔር ያውቃል።

ባዮሎጂ ነበር የሚያስተምሩት። ቦንጋ ውስጥ ባጃጅ ብትሳፈሩ ሹፌሩ፣ ቢሮ ብትገቡ ጸሐፊዋ የእሳቸው ተማሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለውን ቤት ተከራዩ። አላገቡም፣ አልወለዱም። ትከሻቸው ሰፊ ነው። ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ቡናማ ሹራብ ነበራቸው። ሁለት ካልሲ ደርበው ነጠላ ጫማ ያደርጉበታል። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሰው ችግሩን ሲነግራቸው መዳፋቸውን ይዘረጉና "እስቲ ሥሩን አሳየኝ" ይላሉ። ተጣልተው ለሽምግልና ለመጡ ባልና ሚስትም "ሥሩን አሳዩኝ"፣ ዋጋ ለጨመረ ባለሱቅም "ሥሩን አሳየኝ" ነው።

ስኳር ነበረባቸው። ስኳሩ የእጃቸውንና የእግራቸውን ስሜት ወስዶታል። አንድ የገበያ ቀን፣ መንገዱ በጭቃ ተውጦ ሳለ፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ ከበሬ ላይ ሆኜ አየኋቸው። አንዱ እግራቸው በካልሲ ብቻ ነው። ከኋላቸው አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ።

"ቲቸር! ኧረ ቲቸር! ጫማዎ መናኸሪያ ጋ ቀረ እኮ!" ብሎ ሹፌሩ ጭቃ የለበሰ ነጠላ ጫማ ዘረጋላቸው።

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት።

"አየህ" አሉት፣ "እግሬ ቤት ደርሷል፤ ወሬው ግን ገና እኔ ጋ አልደረሰም።"

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ውሃ አምጥቼ እግራቸውን አጠብኩላቸው። ጠጠር ከአውራ ጣታቸው ሥር ገብቶ አድምቷቸዋል። እሱን ሳወጣ እሳቸው ስለ ሰላጣ ያወሩኝ ነበር።

የሰላጣውን ነገር ልናገር። የተከራዩት ግቢ ሲሚንቶ ነው። አከራያቸው ጭቃ ስለማይወዱ ከዳር እስከ ዳር አስለብጠውታል። መምህርት ደግሞ ተክል ሳይነኩ መዋል አይችሉም። ነጭ የውሃ ቱቦ ገዝተው በእንጨት ላይ አስደረደሩ። ቱቦውን አስበስተው በየቀዳዳው የሰላጣና የቲማቲም ችግኝ አቆሙበት። ማዳበሪያው በርሜል ውስጥ ይበጠበጣል። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል፤ ውሃው በሥሮቹ መሐል አልፎ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። አፈር የሚባል የለም። ሥሩ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ነው የሚያድገው።

ይህ እንግዲህ የአጥር እንጨት እንኳ ቅጠል በሚያወጣበት በካፋ ምድር ነው።

"መምህርት፣ የካፋ አፈር አለቀ እንዴ?" ይሏቸዋል መንገደኞች።

"አላለቀም። ለእናንተ ትቼላችሁ ነው" ይላሉ።

በመጀመሪያው ጥር ፀሐዩ በረታ። በርሜሉ ጥቁር ነው፣ የተቀመጠው ሲሚንቶ ላይ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ቅጠሉ ሁሉ ተልፈስፍሶ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሰው ለማየት መጣ። ውሃ ውስጥ ቆሞ የጠወለገ ተክል አይተን አናውቅማ።

"ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠማው!" ብሎ ያልሳቀ የለም። "ጨምሩለት እንጂ መምህርት!" ይላል ሌላው።

መምህርት አንዱን ችግኝ ከቀዳዳው መዝዘው ሥሩን ዘረጉልን። ነጭ መሆን ሲገባው ቡናማ ሆኗል። ይሟልጫል፣ ይሸታል።

"ታፍኖ ነው" አሉ። "ሥርም ይተነፍሳል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ያንሳል። ሥሩ ደግሞ በሞቀው ቁጥር ብዙ አየር ይፈልጋል። ምን ያድርግ? በውሃ ተከቦ ውሃ መሳብ አቃተው።"

"ሲበርደውስ?" አልኳቸው።

"ሲበርደው ይሰንፋል። ከፊቱ ያለውንም አይጠጣም፣ ማደጉን ያቆማል። ቅጠሉን ገልብጠሽ ብታዪው ወይን ጠጅ መስሎ ታገኚዋለሽ።" ከዚያ ወደ ሳቁት ሰዎች ዞረው፣ "ሁላችሁም ቅጠል ቅጠሉን ነው የምታዩት። ቅጠል ብዙ ይችላል፤ ሥሩ ከተመቸው" አሉ።

በዚያ ጥር ያላቸውን ሁሉ ነቅለው ጣሉ። ከክረምቱ በኋላ እንደገና ጀመሩ።

ማርታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ያየችው በዚያን ጊዜ፣ መስከረም ላይ ነው። አላለፈችም። ብዙ ልጅ ወድቋል፤ ሌሎቹ አልቅሰው አልቅሰው ተነሱ። የእኔዋ አላለቀሰችም። ስልኳን ትራሷ ሥር ከተተች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ በቃ።

ያልሆንኩላት የለም። ጠበል አመጣሁ። ስእለት ተሳልኩ። ገንፎ አገንፍቼ በማር እያጠቀስኩ አጎረስኳት። ልብሷን አጥቤ፣ ፀጉሯን ከአልጋ ሳትወርድ ሠራሁላት። "አንቺ ምንም አትንኪ፣ ዕረፊ ብቻ" እላታለሁ። አትመልስልኝም። አባቷ ዋጫ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በሯ ላይ ቆሞ ያያትና ወደ እኔ ይመለሳል።

"ትበላለች?"

"ሁለት ጉርሻ።"



አንድ ቀን ጠዋት መምህርት አጥሩን በእጃቸው መቱ።

"ወርቄ! ልጅሽ አለች?"

"ተኝታለች መምህርት።"

"አስነሻት። ክንድ ልዋስ ነው የመጣሁት።"

"ምን አሉኝ?"

"ክንድ። የእኔ እጅ አልነግር ብሎኛል። ውሃው ሞቆ ይሁን በርዶ አላውቅም። እነዚያን ቀቅዬ የጨረስኳቸው በዚህ እጅ አይደል?"

"ክንድማ ከሆነ የእኔ አለ። እኔ እመጣለሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያንቺ ክንድ ድስት የለመደ ነው። ለአንቺ የሚሞቅ ነገር የለም። ያልለመደ ክንድ ነው የምፈልገው።" ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በእኔ ትከሻ ላይ ወደ ቤት ተጣሩ። "ማርቲ! ኧረ ሰላጣዬ ሊያልቅብኝ ነው! ነይ!"

ማርቲ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። የቅድስት ስም ስለሆነ እኔ ቆርጬው አላውቅም። ዞር ብዬ "ይተዋት፣ አትሰማዎትም" ልላቸው ስል አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

የእኔን ጋቢ ደርባ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ወጣች። ሳታየኝ አለፈች። በአጥሩ ክፍተት ተመለከትኳቸው።

"በጣት አይደለም" ይላሉ መምህርት። "ጣት ይዋሻል። ክርንሽን ንከሪ።"

እጅጌዋን ሰብስባ ነከረች።

"እህ?"

"ይበርዳል።"

"ምን ያህል? እንደ ወንዝ ነው ወይስ ከእንስራ እንደተቀዳ?"

ማርታ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት። ካየሁት ቆይቶ ነበር።

"ከእንስራ እንደተቀዳ።"

"ጎሽ። እሱ ነው የሚመቻቸው። ነገም ትመጫለሽ፤ እኔ አላውቅበትም።"

ልጄ ስትናገር የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። የተናገረችው ግን ለመምህርት በርሜል ነው። በክርን መለካት ደግሞ የእኔ ነበር። ማርታን በሕፃንነቷ ሳጥባት ውሃውን በክርኔ ሳልለካ አስገብቻት አላውቅም። እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ከመምህርት የተማረችው ነው የሚመስላት።

የዚያን ቀን ሙሉ ምሳ በላች። ቅዳሜ ባለቤቴ መጣ።

"በላች?"

"በላች።"

"ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?"

"ምንም አልሆነ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን በይ እንግዲህ።"

አልኩ። ከልቤም ነው ያልኩት። ፊቴን ግን ማብራት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሄደች። አንድ እጅጌዋ ርሶ ትመለሳለች። ማታ ገበታ ላይ ስለ ሥር ታወራለች፤ የቱ ነጭ እንደሆነ፣ የቱ ፀጉር እንዳወጣ። "ቲቸር እንዲህ አሉ፣ ቲቸር እንዲያ አሉ።" እሰማታለሁ። ወጡን እጨምርላታለሁ።

መምህርት ጸሎት ቤት ነበር የሚሄዱት፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን። ልጄን ወደዚያ ይወስዱብኛል ብዬ ስፈራ አንድ እሑድ በአጥሩ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ዛሬ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እናትሽ ቅዳሴ ላይ ትጠብቅሻለች። ሰላጣው እሑድን አያውቅም፤ እናትሽ ግን ታውቃለች። ሂጂ።"

ማርታ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ተመስገን አልኩ። ግን እንዲያውም ባሰብኝ። ክፉ ቢሆኑልኝ ይቀለኝ ነበር። በቅዳሴው መሐል ልጄን ከጎኔ ያቆሟት እሳቸው መሆናቸውን አስብ ነበር።

ኅዳር ላይ ፀሐዩ ሳይበረታ መምህርት መጡ።

"ወርቄ፣ አፈር ስጪኝ።"

"አፈር አልፈልግም ብለው አገሩን ሁሉ ያሳቁት እርስዎ አይደሉም?"

"ለተክሉ አይደለም፣ ለበርሜሉ ነው። ምድር ቀን አትግል፣ ሌሊት አትበርድ። በርሜሉን ልቅበረው።"

ከጓሮዬ፣ እንሰቱ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር፣ ባዶ የቆጮ መቅበሪያ ጉድጓድ ነበረኝ። እሱን ሰጠኋቸው። ባለቤቴ ትንሽ አሰፋው። በርሜሉ ገባ፣ ቱቦው በአጥሩ ሥር አለፈ። ከዚያ እኔና መምህርት እጃችን የለመደውን ሠራን። ጉድጓዱን በእንሰት ቅጠል ለበጥነው። በርሜሉን ዙሪያውን በተከታተፈ እርጥብ ቅጠል ጠቀጠቅነው። አናቱን በቅጠል ሸፍነን ድንጋይ ጫንበት።

"ይሄ ሁሉ ቅጠል ለምንድን ነው?" አለች ማርታ።

"እንዲህ ነው የሚቀበረው" አልናት፣ ሁለታችንም እኩል።

ድንጋዩ ከተጫነ በኋላ ማርታ ክርኗን የምትነክረው በቱቦው ጫፍ ላይ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት። ሌሊቱን ቀዝቅዞ የሚያድረውን ውሃ ማለት ነው። "ደህና ነው" ትላለች። "አንቺ ካልሽ ደህና ነው" ይላሉ መምህርት።

በዚያ ሰሞን ለኪዳን ስወጣ፣ ገና ሳይነጋ፣ መምህርትን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ድንጋዩን ወደ ጎን አድርገዋል። በስልካቸው መብራት አንድ ነገር አስጠግተው ያያሉ። የስኳር መለኪያቸው መሰለኝ።

"እንደምን አደሩ መምህርት።"

ደነገጡ። የያዙትን ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"እንደምን አደርሽ ወርቄ። ለእኔም ጸልዪልኝ።"

በጸሎትም ቀድመውኝ የተነሱ መስሎኝ ቅር እያለኝ ሄድኩ።

ከቀናት በኋላ የፊተኛው መደዳ ሰላጣ መልፈስፈስ ጀመረ። ለአንድ ሠርግ ቤት ቃል የተገባ፣ ለመቆረጥ የደረሰው፣ ያማረው ሰላጣ ነው። ማርታ አንዴ ፓምፑ ነው ትላለች፣ አንዴ ማዳበሪያው በዝቶ ነው ትላለች። መምህርት "እንጃ" ይላሉ።

"እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል ቲቸር?"

"እንጃ አልኩሽ እኮ። እስቲ ሥሩን አሳዪኝ።"

ታሳያቸዋለች። ያዩታል። መልሰው ይሰጧታል። ሁለተኛውም መደዳ ጀመረው። ማርታ ምግብ እንደገና ቀነሰች። ፈራሁ። መምህርትን ጠጋ ብዬ፣ "አንድ ነገር ያድርጉ እንጂ፣ ልጄ ተመልሳ ልትተኛብኝ ነው" አልኳቸው። ክንዴን ያዙኝ። "ቆይ" አሉኝ። "ትንሽ ቆዪልኝ ወርቄ።"

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማርታ ብቻዋን ወደ ጓሮ መጣች። ድንጋዩን ገፋችው። በሆዷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በርሜሉ ውስጥ ሰደደችው።

"እማ!" ብላ ጮኸች። "ይሞቃል! ከታች ይሞቃል! ቲቸር! ቅጠሉ ነው፣ እየተብላላ ነው!"

ሮጬ እጄን በቅጠሉ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ቦካ ሊጥ ሞቋል። ለቆጮ እንደምናደርገው አድርገን ነበር የጠቀጠቅነውና ቅጠሉም ሥራውን ሠርቷል። መምህርት በአጥሩ ዞረው ሲመጡ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ወርቄ፣ ሰላጣውን ቆጮ ልናደርገው ነበር እኮ!"

ሦስታችንም እስኪደክመን ሳቅን። ቅጠሉን ሁሉ አውጥተን ደረቅ አፈር ሞላንበት። አፈር ያልነካው ተክል ውሃውን በአፈር አስጠበቀ። ከዚያ ወዲያ በርሜሉ እኩለ ቀንም ሆነ ሌሊት ከእንስራ እንደተቀዳ ውሃ ሆነ። ከሞተው ሥር አጠገብ ነጭ ነጭ አዲስ ሥር ወጣ። የሠርጉ ሰላጣ ግን አልደረሰም። መምህርት በዚያ እግራቸው ዳገቱን ወጥተው የሙሽራዋን እናት ይቅርታ ጠየቁ። እንዲያውም ሴትየዋ ተቆጥተዋቸዋል አሉ።

ከዚያ በኋላ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚያወሩት ያንኑ ነው።

"የማርቲ ክንድ ባይኖር አልቆልን ነበር። እኔ እንደሆንኩ እጄ ሞቷል።"

ልጄ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። ፊቷ ግን ይበራል። እኔ ፊቷን እንዲያ ያበራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በዓመቱ ሆቴሎች ከእሷ መግዛት ጀመሩ። ለክርስትና ልጆቿ ልብስ ገዛች፣ ለእኔም ነጠላ። ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማውቃቸው ሴቶች "ልጅሽ ተባረከች፣ መምህርት ሰው አደረጓት" አሉኝ። "አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው" አልኩ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የመምህርት እግር ቆሰለ። እንደ ልማዳቸው ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። ጂማ ተላኩ። አስታማሚ ሆና የሄደችው ማርታ ናት።

"እኔ ብሄድ ይሻል ነበር" አልኳት ልብሷን ስታጥፍ።

"ቲቸር የጠየቁት እኔን ነው እማ።"

ከጂማ ትደውላለች። "ቲቸር ዝናብ እንዳይገባበት በርሜሉን በደንብ ሸፍኚ ብለዋል።" እሺ እላለሁ። "መብራት ሲጠፋ በባልዲ አዙሪው ብለዋል።" እሺ። አንድ ቀን ስልኩን አንስቼ "ምን አሉ ዛሬ?" አልኳት። "ምንም አላሉም" አለች። ከዚያ ከጀርባዋ የሰው ለቅሶ ሰማሁ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ የደካ ዘመዶች ዕቃቸውን ተካፈሉ። ለእኔ ቡናማውን ሹራብ ሰጡኝ። "ለጎረቤት መታሰቢያ ትሁን" አሉኝ። ለማርታ መጻሕፍታቸውን ሰጧት። አልነካቻቸውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ያው ግድግዳ፣ ያው አልጋ።

ሹራቡን ላጥበው ኪሱን ስፈትሽ አንድ ቀጭን የመስታወት ነገር እጄ ላይ ቀረ። ቴርሞሜትር ነው፤ ለውሃ የሚሆነው ዓይነት። ረጅም ክር ተጠምጥሞበታል። የክሩ ጫፍ በውሃ አረንጓዴ ሆኗል። ቆሜ አየሁት። የኪዳኑ ጠዋት ትዝ አለኝ፣ የስልኩ መብራት፣ ድንጋጤያቸው።

ያውቁ ነበር። ውሃው መሞቁን ከሁላችንም በፊት፣ በየቀኑ ያውቁ ነበር። ሥሩ እያዩት ሲበሰብስ፣ የሠርጉ ሰላጣ ሲሞት፣ "እንጃ" ይሉ ነበር። ልጄ ራሷ እስክታገኘው "ትንሽ ቆዪልኝ" ያሉኝም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልናገር፦ ደስታ ነው። በሯ ድረስ ሄድኩ። "ይኸውልሽ፣ ክንድሽ አላስፈለጋቸውም ነበር፣ አታለውሻል" የሚለው አፌ ላይ ነበር። ያን ብላት ቲቸር የሚለውን ስም በዚያው ቀን ትተወዋለች። ለእኔ ትቀርልኛለች።

በሩ ላይ ቆሜ ጀርባዋን አየሁ። ብርድ ልብሱን አላብሻት ነበር። ገንፎው አጠገቧ ነው። ውሃው አጠገቧ ነው። ሁሉንም አድርጌላታለሁ። ሳስበው፣ ማርታ ከተወለደች ጀምሮ አንድም ነገር እርጂኝ ብያት አላውቅም። ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ቴርሞሜትሩን ወደ ሹራቡ ኪስ መለስኩት።

በማግስቱ ከኪዳን ስመለስ የመምህርትን ሹራብ እንደለበስኩ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ክዳኑ ተንሸራቶ ሌሊቱን ዝናብ ገብቶበታል። ክርኔን ነከርኩ። በርዷል፤ እንደ ወንዝ ነው። ቅጠሉን ገልበጥ አደረግኩ፤ ከሥሩ ወይን ጠጅ መልክ ይዟል። ለማወቅ ሰው አላስፈለገኝም። ገባሁ።

"ማርታ፣ ክንድ አውሺኝ። ውሃው አልነግር አለኝ።"

"ክንድ አለሽ አይደል?" አለች ለግድግዳው።

"የእኔማ ድስት የለመደ ነው።"

ብዙ ጠበቅኩ። እመቤቴን ለመንኩ። አልጋው ተንቋቋ።

ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ነከረች። ፊቷ ተኮሳተረ።

"ወንዝ ነው እኮ! ይሄን ክዳን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"እማ! ይሰንፋል እኮ፣ ሥሩ! ምን ነካሽ? በይ ውሃ አሙቂ። እንዳታፈይው፣ ለብ ይበል። በጥቂት በጥቂት ነው የምንጨምረው።"

ከተኛች ወዲህ የመጀመሪያው ቁጣዋ ነው። ጣፈጠኝ። ውሃ አሞቅኩ። የበርሜሉን ግማሽ ቀዳን፣ ለብ ያለውን በጆግ በጥቂቱ አንቆረቆርኩ። እሷ ክርኗን አላወጣችም። ቀና ሳትል፣

"ቴርሞሜትሩ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው?" አለችኝ።

ጆጉ እጄ ላይ ቆመ።

"ታውቂ ነበር?"

"ዓምና ሹራቡን ሳጥብላቸው አገኘሁት። መልሼ ከተትኩት።"

"ካወቅሽ ታዲያ ለምን በየጠዋቱ ትነክሪ ነበር?"

ከንፈሯን ነከሰች።

"ይጠይቁኝ ስለነበር" አለች።

አውጥቼ ዘረጋሁላት። አየችው። በረጠበ እጇ ክሩን ጠመጠመችና ወደ እኔ ኪስ መለሰችው።

"እዚያው ይሁን" አለች። ክርኗን እንደገና ነከረች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየች። "እህ። ገና ነው። ትንሽ ጨምሪ ወርቄ።"

አባባሉ የመምህርት አስካለ ነው። ስሜንም እንደ እሳቸው ነው የጠራችው። ቀናሁ። ጨመርኩም።